ውህደት፣ ግንባር፣ ቅንጅት ወይስ የወንበር ስምምነት? ለተፎካካሪ ፓርቲዎች የንጽጽር መመሪያ

አንድ ጊዜ የሁለት አነስተኛ ፓርቲዎችን የጋራ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ እንድይዝ ተጠርቼ ነበር። ፕሮግራሙ ላይ ለመስማማት ሁለት ከሰዓት በኋላ በቃቸው። ትምህርቱም፣ ጤናውም፣ ግብሩም «ተስማምተናል» እየተባለ አለፈ። ከዚያ የማኅተም ጉዳይ ተነሣ። የእንጨት እጀታ ያለው ክብ ማኅተም ከሐምራዊ ቀለሙ ጋር በአንዲት የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ሣጥኗ በማን መሳቢያ ትደር? አራት ሳምንት ሙሉ ያነጋገረን ይኸው ነበር። አንድ አዛውንት «ሁለት ቁልፍ ይኑራትና አንዱን እናንተ ያዙ፣ ሌላውን እነሱ ይያዙ» ብለው ሐሳብ አቀረቡ። ሁለቱም ወገኖች አልተቀበሉትም። በመጨረሻ ተለያዩ፤ በምርጫው ዕለት በአንድ የምርጫ ወረዳ ሁለቱም እጩ አቁመው ሁለቱም ተሸነፉ። የሁለቱን ድምፅ ስደምረው ከአሸናፊው ይበልጥ ነበር። ያ ድምር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ይህን መመሪያ የምጽፈው እንዲህ ያለ ውሳኔ ፊታቸው ለተደቀነ ሰዎች ነው፤ ለፓርቲ ሥራ አስፈጻሚ አባላት፣ በጠቅላላ ጉባኤ ላይ «እንዋሃድ ወይስ አንዋሃድ» ተብለው እጅ እንዲያወጡ ለሚጠየቁ ተራ አባላት፣ ከዋሽንግተን እስከ ፍራንክፈርት ገንዘብ ለሚያዋጡ ደጋፊዎች። የትኛው ፓርቲ እንደሚሻል አልናገርም። የምናነጻጽረው አብሮ የመሥሪያ መንገዶችን ነው።

መጀመሪያ ቃላቱን እንለይ

በእኛ ፖለቲካ ውስጥ ኅብረት፣ ትብብር፣ ጥምረት፣ መድረክ የሚባሉ ስሞች በዝተው ሰውን ያምታታሉ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምርጫና የፖለቲካ ፓርቲዎች አዋጅ ቁጥር 1162 ግን የሚያውቀው ሦስት መንገድ ነው። ውህደት ሲሆን ነባሮቹ ፓርቲዎች ይከስማሉ፣ አንድ አዲስ ፓርቲ ይወለዳል። ግንባር ሲሆን አባል ድርጅቶቹ ሕጋዊ ህልውናቸውን ይዘው ከበላያቸው አንድ የጋራ አካል ያቆማሉ። ቅንጅት ደግሞ ህልውናን ሳያጡ ለምርጫ ሲባል አብሮ መቆም ነው። ከእነዚህ ሌላ ምዝገባ የማይጠይቅ፣ በሁለት ፓርቲዎች መካከል በወረቀት የሚያልቅ መንገድ አለ፤ «እዚህ ወረዳ እኔ ልወዳደር፣ እዚያ አንተ ተወዳደር» የሚል። እኔ የወንበር ስምምነት እለዋለሁ። የፓርቲዎች የጋራ ምክር ቤት ከእነዚህ ከአንዱም አይመደብም፤ መነጋገሪያ እንጂ አብሮ መወዳደሪያ አይደለም።

በምን እንመዝናቸው?

ከሁሉ የሚቀድመው መስፈርት ድምፅ እንዳይበታተን ማድረግ መቻሉ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት በአንድ የምርጫ ወረዳ ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል፤ ከግማሽ በላይ ማግኘት አያስፈልገውም። ከመቶ ሰው 40ው አንዱን፣ 35ቱ ሌላውን፣ 25ቱ ሦስተኛውን ቢመርጡ ወንበሩ የባለ 40 ነው። ስልሳው ሰው እጁ ባዶ ይቀራል። በኬንያ እ.ኤ.አ. በ1992 ዳንኤል አራፕ ሞይ ሥልጣናቸውን ያቆዩት 36 በመቶ በሚሆን ድምፅ ነበር፤ ተቃዋሚዎቹ ማቲባ፣ ኪባኪና ጃራሞጊ ኦዲንጋ የቀረውን ተከፋፍለውታልና። በቦትስዋና እ.ኤ.አ. በ2014 ገዢው ፓርቲ ከግማሽ ያነሰ ድምፅ አግኝቶ ከ57 ወንበሮች 37ቱን ወስዷል። ደቡብ አፍሪካን ምሳሌ አድርገው «እነሱ ከምርጫ በኋላ ተጣምረው መንግሥት መሠረቱ፣ እኛስ?» የሚሉ ሰዎች አሉ። እዚያ ወንበር የሚከፋፈለው በተመጣጣኝ ውክልና ስለሆነ ብቻውን የሮጠ ትንሽ ፓርቲም ድምፁ አይባክንበትም። እኛ ዘንድ ይባክናል።

ሁለተኛው ስሙና ማኅተሙ በማን እጅ እንደሚሆን ነው። ተራ ነገር ይመስላል፤ ግን ጠብ ሲነሣ ምርጫ ቦርድ ፊት ቀርቦ «ፓርቲው እኔ ነኝ» ማለት የሚችለው እሱን የያዘው ወገን ነው።

ሦስተኛው የማያስማማችሁ ነገር ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ ነው። የሚያስማማችሁን መዘርዘር ቀላል ነው። መሬት የማን ይሁን፣ እስከ መገንጠል መብት የሚሰጠው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 39 ይኑር ወይስ ይቅር፣ ክልሎች እንዴት ይዋቀሩ፣ አዲስ አበባ የማን ናት የሚሉት ጥያቄዎች ላይ ግን ሁለታችሁም ለየብቻ መልስ ጻፉና ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ወረቀቶቹ ካልተመሳሰሉ ውህደት የሚባለውን አማራጭ ከዚያው ሰርዙት።

አራተኛው አቅም ነው፤ ገንዘብ፣ ሰውና ጊዜ። አምስተኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚረሳው የምርጫው ማግስት ነው። ወንበር ብናገኝ ምክር ቤት እንገባለን? ውጤቱን ካልተቀበልን ምን እናደርጋለን? ሹመት ቢሰጠን እንቀበላለን? እነዚህ ጥያቄዎች ከምርጫው በፊት ካልተመለሱ በኋላ የሚመለሱት በመለያየት ነው።

ቅንጅት፤ ፈጣኑና ተሰባሪው

በአገራችን ለሥልጣን በጣም የቀረበው የተፎካካሪዎች ስብስብ በዚህ መንገድ የተሠራ ነበር። በ1997 ዓ.ም. መኢአድ፣ ኢዴፓ-መድኅን፣ ቀስተ ደመናና የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ሊግ ተቀናጅተው «ቅንጅት» በሚል አንድ ስምና በሁለት ጣት ምልክት ሕዝቡ ፊት ቀረቡ። ማንበብ የማትችል እናት እንኳ ሁለት ጣቷን ስታወጣ ማንን እንደምትመርጥ ታውቅ ነበር። በይፋ በተነገረው ውጤት ቅንጅት ከ547 ወንበሮች 109 ሲያገኝ፣ የእነ ዶክተር በየነ ጴጥሮስና ዶክተር መረራ ጉዲና ኅብረት 52 አገኘ፤ ኢሕአዴግ 327 ያዘ። በአዲስ አበባ ምክር ቤት ደግሞ ከ138 ወንበሮች 137ቱ የቅንጅት ሆኑ። አብሮ መቆም ያለውን ኃይል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ቁጥር በታሪካችን የለም።

ከዚያ ማግስቱ መጣ። ምክር ቤት እንግባ ወይስ አንግባ የሚለው ጥያቄ መልስ ሳይዘጋጅለት ከፊታቸው ቆመ። በዚያው ትኩሳት መካከል ደግሞ አራቱ ፓርቲዎች ወደ ውህደት ለመሻገር ሞከሩ፤ ለምርጫ የተሠራው ቤት ሳይታደስ ሌላ ፎቅ ተጫነበት። መንግሥት መሪዎቹን ሲያስር መነጋገሪያ ቦታም ጠፋ። ፍርሰቱን ሁሉ በውስጥ ችግር ብቻ ማሳበብ ፍትሕ አይደለም፤ ደም ፈስሷል፣ ሰው ታስሯል። ነገር ግን ከእስር ሲወጡም የጠበቃቸው የስምና የማኅተም ክርክር ነበር። በ2000 ዓ.ም. ምርጫ ቦርድ የቅንጅትን ስም ለአቶ አየለ ጫሚሶ ቡድን ሰጠ፤ የእነ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ወገን አንድነት የሚባል ሌላ ፓርቲ ለመመሥረት ተገደደ። በውጭ አገር የነበሩት የድጋፍ ማኅበራትም በመሪዎቹ ልክ ለሁለት ተሰነጠቁ፤ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አብረው የሚያስቀድሱ ሰዎች ሰላምታ እስከ መንሣት ደረሱ።

ኅብረትም ያንኑ ፈተና በሌላ መልኩ ቀምሷል። አገር ውስጥ ያሉና በውጭ ያሉ ድርጅቶችን ያቀፈ ስብስብ ስለነበር ምክር ቤት የመግባቱ ጉዳይ ሲመጣ አገር ቤት ያሉት ገቡ፣ በውጭ ያሉት ተቃወሙ። በአንድ ስብስብ ውስጥ አንዱ እስር ቤትና ምርጫ ጣቢያ የሚያየው ሲሆን ሌላው ከባሕር ማዶ ሆኖ የሚወስን ከሆነ፣ በማግስቱ ጥያቄ ላይ መለያየታቸው የሚጠበቅ ነው።

ናርክ የተባለው የኬንያ ተቃዋሚዎች ጥምረት ደግሞ የሚያስተምረው ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ተቃዋሚዎቹ በኪባኪ ዙሪያ ተሰባስበው 62 በመቶ በሚሆን ድምፅ አሸነፉ። ከጀርባው ግን ሥልጣን እንዴት እንደሚከፋፈል የሚገልጽ የመግባቢያ ሰነድ ነበር፤ ካሸነፉ በኋላ የእነ ራይላ ኦዲንጋ ወገን ሰነዱ አልተከበረም ብሎ አኮረፈ፣ እ.ኤ.አ. በ2005ቱ የሕገ መንግሥት ሕዝበ ውሳኔ በተቃራኒ ጎራ ተሰለፈ። ሰነዱን ሕዝብ ፊት አንብባችሁ ብትፈርሙ ለማፍረስ የሚያሳፍር ነገር ይኖረዋል። በኪስ የተያዘ ሰነድ ግን ማንንም አያሳፍርም።

ግንባር፤ ረጅም ዕድሜ፣ ያልተመጣጠነ ክብደት

ግንባር ዕድሜ እንዳለው ኢሕአዴግ ራሱ ምስክር ነው፤ ሠላሳ ዓመት ገደማ ቆይቷል። በግንባርነቱ የነበረበትን ሕመም ግን ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። አራቱ አባል ድርጅቶች በምክር ቤቱ እኩል 45፣ በሥራ አስፈጻሚው እኩል 9 ሰው ነበራቸው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ኦሮሚያ ከአገሪቱ ሕዝብ ከሲሶ በላይ ሲሆን ትግራይ 6 በመቶ አካባቢ ነበር። የሶማሌ፣ የአፋር፣ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ የጋምቤላና የሐረሪ ፓርቲዎች ደግሞ «አጋር» ተብለው ከውሳኔው ጠረጴዛ ውጭ ተቀመጡ። ግንባር ስትመሠርቱ «ድምፃችን እኩል ይሁን» ማለት ፍትሐዊ ይመስላል፤ ነገር ግን አንዱ መቶ ሺህ፣ ሌላው አምስት ሺህ አባል ካለው እኩልነቱ ቅሬታን እያጠራቀመ ይሄዳል። በአባል ብዛት ይሁን ብትሉ ደግሞ ትንሹ ይዋጣል። መፍትሔው በመካከል ነው፤ ለዕለት ጉዳይ በብዛት፣ ለመሠረታዊ ጉዳይ በሙሉ ስምምነት።

መድረክ የተባለው የተፎካካሪዎች ስብስብ ሌላው ምሳሌ ነው። በአንቀጽ 39ና በመሬት ላይ የተለያየ አቋም ያላቸውን ድርጅቶች አንድ ጣሪያ ሥር ማሰባሰቡ በራሱ የሚመሰገን ድፍረት ነበር፤ ኦሮሞውን፣ የደቡቡን፣ የትግራዩን አረናንና አንድነትን አንድ ጠረጴዛ ላይ ማየት ለብዙዎቻችን ተስፋ ሰጥቶ ነበር። በ2002 ምርጫ ግን ያገኘው አንድ ወንበር ነው፤ በአዲስ አበባ አቶ ግርማ ሰይፉ የያዙት። ሜዳው ጠባብ ነበር፤ ቢሆንም የመሠረታዊው ልዩነት ጥያቄ ሳይፈታ እየቆየ በኋላ አንድነትንና መድረክን አለያይቷል።

ውህደት፤ አንድ ማኅተም፣ መመለሻ የሌለው መንገድ

ውህደት የማኅተሙን ጠብ ከሥሩ ይነቅለዋል። በግንቦት 2011 ዓ.ም. አርበኞች ግንቦት 7ንና ሰማያዊን ጨምሮ ሰባት ፓርቲዎች ከስመው ኢዜማን መሠረቱ። መዋቅሩን በምርጫ ወረዳ ላይ ማድረጋቸውና የፓርቲ መሪውን ከሊቀመንበሩ መለየታቸው ለሌሎችም ትምህርት የሚሆን ሥራ ነው። በ2013ቱ ምርጫ ያገኙት ግን አራት ወንበር ነው። በዚያው ምርጫ በአንድ ዞን ላይ የቆመው የጌዴኦ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት ሁለት ወንበር አግኝቷል። መላ አገሪቱን የሸፈነ ፓርቲና አንድ አካባቢን የያዘ ድርጅት በውጤት ይህን ያህል ሲቀራረቡ ከአንቀጽ 54 ጋር የምንጋጨው የት ላይ እንደሆነ ይታያል፤ የተበተነ ድምፅ ወንበር አይሆንም።

ብልጽግናም በውህደት የተወለደ ነው። በ2012 ዓ.ም. ከኢሕአዴግ አራት አባላት ሦስቱና አምስቱ አጋሮች አንድ ሲሆኑ ሕወሓት አልዋሃድም አለ። ከዚያ በኋላ ለሆነው ነገር ምክንያቱ ብዙ ነው፤ በውህደት ብቻ አይገለጽም። ሆኖም ከቤቱ አባላት አንዱ «አልገባም» ሲል ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ መነጋገር ለማንኛውም ተዋሃጅ የመጀመሪያው ጉዳይ መሆን አለበት፤ ንብረቱ እንዴት ይከፈላል፣ ስሙስ ለማን ይቀራል?

የወጪው ነገርም ቀላል አይደለም። አዋጁ በ2011 ሲወጣ ለአገር አቀፍ ፓርቲ 10,000፣ ለክልላዊ ፓርቲ 4,000 መስራች አባላት እንዲኖሩ ጠይቋል። ጠቅላላ ጉባኤ መጥራት፣ አዳራሽ መከራየት፣ ከየክልሉ የሚመጣውን ሰው ማሳፈርና ማሳደር፣ የአባላት ፊርማ ማሰባሰብ፤ ይህ ሁሉ አንድ ወረዳ ላይ ቅስቀሳ ሳይጀመር የሚወጣ ወጪ ነው።

የወንበር ስምምነት፤ የተናቀው አማራጭ

ስለዚህኛው የሚጽፍ ሰው ብዙ አላየሁም፤ መግለጫ አይሰጥበትም፣ ሆቴል አዳራሽ አይጠራበትም። እኔ ግን ለአብዛኞቹ ፓርቲዎቻችን መጀመሪያ ሊሞከር የሚገባው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ማኅተም አይነካም። ፕሮግራም አይቀየርም። የመሬት ጥያቄ ላይ መስማማት አይጠበቅባችሁም። የሚያስፈልገው የምርጫ ወረዳዎች ዝርዝርና እውነተኛ ፈቃደኝነት ብቻ ነው።

ድክመቱን አልደብቅም። አባላት «ለምን እጩያችንን አነሣችሁ?» ብለው ያኮርፋሉ። መራጩም የለመደውን ምልክት ወረቀቱ ላይ ሲያጣ ግራ ይጋባል። ተፈራራሚው ቃሉን ቢያጥፍ የሚጠይቀው አካል የለም። ስለዚህ ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፤ የእያንዳንዱ ወረዳ ስም ይጻፍበት፣ እጩ የሚነሣበት ቀን ከምርጫ ቦርድ የእጩዎች ምዝገባ ማብቂያ በፊት ይቆረጥ፣ ሁለታችሁም የምታከብሩት አንድ ሽማግሌ ይመስክር። ወረዳውን ለማን እንደምትሰጡ ስትመዝኑ በዚያ ወረዳ ቢሮ ያለውንና እጩው በአካባቢው ስሙ የሚታወቀውን አስቀድሙ፤ በአዲስ አበባ ያለ መሪ የሚናገረው የድጋፍ ግምት አያሳምናችሁ። እጩውን ያነሣው ፓርቲ በምላሹ የምርጫ ጣቢያ ወኪሎችን ያሰማራ፤ ይህ ካልተጻፈ ስምምነቱ ግማሽ ነው።

ብቻ መቆም ላይ ብዙ ቀለም አላጠፋም። በአንድ አካባቢ ጠንካራ መሠረት ያለው ፓርቲ ብቻውን ቢቆም ትክክል ነው። ሌላው ሁሉ ብቻውን ሲቆም የጎረቤቱን ድምፅ ይቀንሳል እንጂ ወንበር አያገኝም።

በአንድ ዕይታ

| አማራጭ | ድምፅ እንዳይበታተን ያደርጋል? | ስምና ማኅተም | የሚጠይቀው ስምምነት | ወጪና ጊዜ | ሲፈርስ |
|---|---|---|---|---|---|
| ውህደት | አዎ፣ ሙሉ በሙሉ | አንድ ብቻ | መሬትንና አንቀጽ 39ን ጨምሮ በሁሉም | በጣም ከባድ፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት | ወደ ቀድሞው መመለስ የለም |
| ግንባር | አዎ | የየራስም የጋራም | በመሠረታዊ ጉዳዮች | ከባድ | እያንዳንዱ ቤቱ ይመለሳል፣ የጋራው ስም ያጣላል |
| ቅንጅት | አዎ | የየራስም የጋራም | በምርጫ ፕሮግራምና በማግስቱ | መካከለኛ፣ ከስድስት ወር እስከ ዓመት | ከምርጫው በኋላ ወዲያው ይፈተናል |
| የወንበር ስምምነት | በተስማሙበት ወረዳ ብቻ | የየራስ | በወረዳ ዝርዝር ብቻ | ቀላል፣ ሳምንታት | ጉዳቱ ትንሽ ነው |
| ብቻ መቆም | አይደለም | የራስ | የለም | እንደ ፓርቲው አቅም | — |

የጊዜው ግምት የራሴ ነው፤ ሕጋዊው ቀነ ገደብ በምርጫ ቦርድ የጊዜ ሰሌዳ ላይ ስለሚወጣ ከማንኛውም ድርድር በፊት ሰሌዳውን ግድግዳ ላይ ለጥፉ።

ለማን የቱ?

ሁለታችሁም አገር አቀፍ ከሆናችሁ፣ ደጋፊያችሁ በአንድ ዓይነት ከተሞች የሚገኝ ከሆነ፣ በሦስተኛው መስፈርት የጻፋችኋቸው ወረቀቶች ከተመሳሰሉና ምርጫው ሩቅ ከሆነ ተዋሃዱ። ሁለት ፓርቲ የሚያደርጋችሁ የመሪዎች ስም ብቻ ከሆነ አባላቶቻችሁን አታድክሙ።

አንዳችሁ በብሔር፣ ሌላችሁ በዜግነት የተደራጃችሁ ከሆናችሁ ውህደትን አታስቡት። ዓመታት ካላችሁ ግንባር፣ ወራት ብቻ ካላችሁ የወንበር ስምምነት ይበጃችኋል። ቦትስዋና ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2012 የተቋቋመው የተቃዋሚዎች ጥምረት ሁለት ምርጫ ተሸንፎ፣ አባል ፓርቲ ገብቶ ወጥቶበት፣ በ2024 ለ58 ዓመት የገዛውን ፓርቲ አሸንፏል። የመጀመሪያው ምርጫ ላይ ተሸንፈን ስንበተን ይህን ብናስታውስ መልካም ነው።

በካዝናችሁ የአንድ ጉባኤ ወጪ ብቻ ካለ ለጉባኤ አታውሉት፤ ለምርጫ ጣቢያ ወኪሎች አበልና ትራንስፖርት አስቀምጡት። ወኪል የሌለበት ጣቢያ ላይ ያገኛችሁትን ድምፅ ማን ቆጥሮ ይነግራችኋል?

በውጭ ያላችሁ ደጋፊዎች ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ሕጉን ጠይቁ፤ ከውጭ ዜጎችና ከውጭ ድርጅቶች የሚመጣ ገንዘብ ፓርቲውን ያስቀጣዋል። መስጠት የምትችሉ ከሆነ ደግሞ የተፈረመውን ሰነድ አሳዩን በሉ፤ በተለይ የምርጫውን ማግስት የሚመለከተውን ገጽ። ውሳኔውን ግን አገር ውስጥ ሆነው ዋጋውን ለሚከፍሉት ተዉላቸው።

ምርጫው ደጅ ላይ ደርሶ ምንም ያልጀመራችሁ ከሆነ ሰኞ ጠዋት ይህን አድርጉ። እያንዳንዳችሁ እጩ ልታቆሙ ያሰባችሁባቸውን የምርጫ ወረዳዎች በአንድ ወረቀት ጻፉ፤ ወረቀቶቹን አንድ ላይ አምጡና ከአንድ ጊዜ በላይ የተጻፈውን ወረዳ ሁሉ በቀይ አስምሩበት። አጀንዳችሁ እነዚያ ወረዳዎች ብቻ ናቸው። ማኅተሞቹ በየመሳቢያችሁ ይቆዩ።